ለሚስቴ ዶሮዎች የቀዳሁት ውሃ

ሚስቴን ለመጨረሻ ጊዜ የመታኋት በአንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ምክንያት ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ የመታሁት እኔ ነኝ፣ የተመታችውም እሷ ናት። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ደብረ ማርቆስን ገና መንከስ በጀመረበት ሰሞን ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት ወደ ላይ ነው። እዚያ በብርድ ወራት ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፣ ደጅ ያደረ ውሃም ከላዩ ይረጋል።

ተነስቼ ፊቴን ልታጠብ ስል ሚስቴ ያሞቀችውን ውሃ በጆግ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ለዶሮዎቿ ነው። ውሃቸው በረዶ ሠርቶ ስላደረ በሞቀ ልታሟሟላቸው። «እኔስ?» አልኳት። «አንተ እጅ አለህ፣ እነሱ ምን አላቸው?» አለችኝ እየሳቀች። ቀልድ ነበር። እኔ ግን ከዶሮ አሳነሰችኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ጆጉን ከእጇ ነጠቅኩና በዚያው በጆጉ ቅንድቧ ላይ አሳረፍኩባት። በያጅ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይዞ የሚውል እጅ ነው። ጆጉም የብረት ነው።

ቅንድቧ ተሰነጠቀ። አልወደቀችም፣ ተንበረከከች። ደሙ የዶሮዎቹ ውሃ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። ዶሮ ደግሞ ቀይ ነገር ካየ አይምርም። ሃያ ሦስቱም ዶሮዎች ከነአውራቸው ግር ብለው መጡና ደሙን ከውሃው ላይ፣ ከመሬቱ ላይ፣ ከጣቶቿ ላይ ይለቅሙት ጀመሩ። አንዷማ ዘላ ቁስሏን ነቆረቻት። ሚስቴ በአንድ እጇ ቅንድቧን ይዛ በሌላው ዶሮዎቹን ትገፋለች። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቆሜ አያለሁ፤ አንዷንም ዶሮ እሽ አላልኩላትም።

ሐኪም ቤት ሰፉላት። ከዚያ ቤት እንኳ ሳትመለስ ይጁቤ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች።

በአስራ አንድ ዓመት ትዳራችን ስንት ጊዜ እንደመታኋት አልቆጠርኩም፤ እሷ ግን ሳታውቀው አትቀርም። ከመታሁ በኋላ የምናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ደሜ ሲፈላ ራሴን አላውቅም» እላለሁ። ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር ይህንኑ ስል ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ «ያሳስታል እንጂ! እሱ ምን ሥራ አለው!» ይላሉ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ጥፋቱ ግማሹ የሱ አይደለም። ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጉልበት ይስማል፣ ያበቃል። እሷም ከልቧ ታምን ነበር። ጠበል ወስዳ አስጠምቃኛለች፤ ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ተጠምቄያለሁ። እናቷ «ተይው፣ ነይ ግቢ» ስትላት፣ «በሽታ ይዞት ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፣ አይችልም እኮ እማዬ» ትላት እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ያን ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሽማግሌ ይዤ ይጁቤ ስወርድ አባቷ፣ ቃል የማይበዛባቸው ገበሬ ናቸው፣ «ሰይጣን» የሚለውን እስክጨርስ አዳመጡኝና እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ሰይጣኑን እንየው። እስከ ዳግም ትንሣኤ በሰውም በእንስሳም ላይ እጁን ካላነሳ ልጄ ቤቷ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ካነሳ ግን ደጄን አይርገጥ፤ እኔም ሽማግሌ አልቀበልም።» ዋስ ጥራ ተባልኩ። ዋስ ሆነው የቆሙልኝ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በፈረስ ጋሪ የጨረሱ ሰው ናቸው። «እጄን ባነሳ እጄን ይቁረጠው» ብዬ ማልኩ።

ሚስቴ ያን ጊዜ ከጓዳ ወጣች። ግንባሯ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ይቅር ብዬሃለሁ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ዶሮዎቼን ውሃ እንዳታስጠማቸው» አለችኝ። «ንጹህ ውሃ፣ ያልረጋ። ጠዋትም ማታም። እነሱ እንደኔ ተነስተው የሚሄዱበት ወላጅ ቤት የላቸውም።» ተመልሳ ገባች። በቃ፣ ይኸው ነው የተሰጠኝ፤ ሃያ ሦስት ዶሮ፣ አንድ አውራና ስድስት ወር ገደማ።

እውነቱን ለመናገር ዶሮ እጠላ ነበር። ሲጮሁ፣ ሲጭሩ፣ በር ላይ ሲያሩ እጠላቸው ነበር። እግዜር ልጅ ስላልሰጠን እሷ ፍቅሯን ሁሉ እነሱ ላይ ነው ያፈሰሰችው፤ እኔ ደግሞ በዶሮ እቀና ነበር፣ ይታያችኋል? ጠዋት ስነሳ የውሃቸው ጎድጓዳ ሳህን በነጭ በረዶ ተከድኖ አገኘዋለሁ። በጫማዬ ተረከዝ አንድ ጊዜ ኳ አድርጌ ሰብሬው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የምጠጣው ውሃ እንዲህ ቢቀርብልኝ ሰውየውን ባነቅኩት ነበር። ውሃ ውስጥ ያራሉ፣ በጭቃ እግራቸው ይገቡበታል፣ እኔ ግን እላዩ ላይ እጨምርበታለሁ እንጂ አጥቤው አላውቅም።

ኅዳር ገብቶ አንድ ቀን የጠዋቱን በረዶ እንኳ ሳልሰብር ሄድኩ። ለሥራ ቸኩዬ ነበር። ረፋዱ ላይ መሣሪያ ረስቼ ስመለስ ጓሮው ፀጥ ብሏል። ዶሮ ያለበት ጓሮ ፀጥ ካለ ደህና ነገር የለም። ስገባ አጥሩ ጥግ ላይ ክብ ሠርተው አንዷን መሐል አስገብተዋታል። ከኋላዋ እየነቆሩ ቆዳዋን ከፍተውታል፤ አንዷ አንጀቷን ይዛ ትሮጣለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል፣ የተነቆረችው ዶሮ ደግሞ ገና በሕይወቷ አብራ ትሮጣለች። ደም ጠጥተው ነው ጥማቸውን የቆረጡት። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ፀሐይ ሳይደርስበት እንደረጋ አለ።

ዱላ አነሳሁ። የአጥር እንጨት ነው፣ ወፍራም። አንድ ሁለቱን ብዘርራቸው የሚቀሩት ልብ ይገዛሉ ብዬ ነበር፣ የማውቀው ትምህርት እሱ ነው። ከዚያ «በእንስሳም ላይ» የሚለው የአባቷ ቃል ትዝ አለኝ። እንጨቱን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ወረወርኩት፤ የጎረቤት ውሻ አላዘነ፣ ደግነቱ አልመታሁትም። የቆሰለችው አቅፌ እንደያዝኳት እጄ ላይ ሞተች። ሸሚዜ በደም ተነክሮ ጓሮው መሐል ተቀምጬ፣ «እናንተ አረመኔዎች! እናንተ ደም መጣጮች!» ብዬ ጮህኩባቸው። አውራው አንገቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ቀጥሎም በረዶውን በምንቃሩ ቋ፣ ቋ አደረገ። የሚሉኝ ገባኝ።

ዋሴ በዚያው ቀን ከሰዓት መጡ። ስለ ጩኸቴ ከጎረቤት ሰምተው፣ ሰው መታ ብለው ነው የመጡት። ነገሩን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። «አንት ደንቆሮ! እነዚህ እኮ አመላቸው አልከፋም፣ ጠምቷቸው ነው» አሉኝ። በማግስቱ ከጋሪ ፈረሶቹ ማቆሚያ ትኩስ ፋንድያ በጆንያ አስጭነው መጡ። ጉድጓድ አስቆፈሩኝ። ፋንድያውን ከእርጥብ የጤፍ ጭድ ጋር አደባልቀን ሞላነውና የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀበርንበት፤ አፉን ሰፋ አድርገን ሰብረን፣ ጠርዙን በድንጋይ አለዘብነው። ዙሪያውን አሮጌ የመኪና ጎማ አስቀመጥንበት። የፈረስ ፋንድያ ከጭድ ጋር ሲብላላ ይግላል፤ እጄን ስከተው ሊያቃጥለኝ ደርሶ ነበር። «ፋንድያውን በየአስር ቀኑ ለውጠው። ማሰሮውን በየጠዋቱ በአመድ እሸው። ማታ ጆንያ አልብሰው። የጎማው ከፍታ የዶሮዋ ጀርባ ድረስ ይሁን፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ትጭርበታለች፣ ታራበታለች» አሉኝ። በነጋታው መሬቱ ሁሉ በአመዳይ ነጥቶ ማሰሮው ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀሳቀስ ነበር። በስመ አብ! ደስታዬ ለጉድ ነው። ሥራ ቤት ገብቼ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፤ ደንበኞቼ አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያዘኝ። ከመንጋቱ በፊት ተነስቼ ጆንያውን እገልጣለሁ፣ የቆየውን እደፋለሁ፣ በአመድ አሻለሁ፣ አዲስ እቀዳለሁ። ሲጠጡ ማየት ለመድኩ። ዶሮ ስትጠጣ አንድ ጉንጭ ትወስድና ቀና ትላለች፣ ታወርዳለች፣ እንደገና ታጎነብሳለች። እያየሁ ሚስቴ ይህን ስታይ ነበር ለካ የምትቆየው እል ነበር። ናፍቆቷ አንጀቴን ይበላው ጀመር።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ አማኑኤል ከተማ የአንድ ሰው የግቢ በር ልገጥም ሄድኩ። አንድ ቀን ማደር ነበረብኝ። ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአባታችን ቤት የሚኖር ታናሽ ወንድም አለኝ፤ አረቄ ይወዳል፣ ሥራ አይወድም። «ፋንድያው በርዷልና ለውጠው፣ ውሃውንም ጠዋት ቀይር» ብዬ አስጠነቀቅኩት። «ምን ችግር አለ ጋሼ» አለኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስገባ ከጓሮ የሚሰማው ጩኸት የዶሮ አይመስልም። አውራው አንዷን ዶሮ ደፍቶ እላይዋ ላይ ቆሟል፤ አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒዋን ነቅሎ አንገቷን እየቦጨቀ ነው። ሌሎቹ እየተወላገዱ እርስ በርስ ይናቆራሉ፣ ግድግዳ ይመታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው እንደገና ይናቆራሉ። የአንዷ ዓይን ጠፍቷል። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ ደም ተረጭቶበታል። ወንድሜ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የአረቄው ባዶ ጠርሙስ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ምን አደረግካቸው?» አልኩት።

«ፋንድያ ማን ይዝቃል ጋሼ! አረቄ አይረጋም እኮ። ማታ ውሃቸው ላይ አንድ ጠርሙስ ገልብጬበት አደርኩ፤ እውነትም አልረጋም!» ሳቁ አላስጨርስ አለው። ከዚያ እንባውን እየጠረገ፣ «ጉድ እኮ ነው፣ ቁርጥ አንተን ሆኑ!» አለኝ።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው መዶሻ እጄ ላይ ነው። እንዴት እንዳወጣሁት አላስታውስም ልል ነበር፤ ግን ውሸት ነው፣ አስታውሳለሁ። ዚፑን ከፈትኩ፣ ትንሹን ትቼ ትልቁን መረጥኩ። ግንባሩ ላይ የት እንደማሳርፈው መርጬ ነበር፤ ከቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ፀጉሩ ከሚጀምርበት። ድምፁ ምን እንደሚመስል ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ወንድሜ ሳቁን አቋረጠ። ፊቱ አመድ ሆነ፣ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ ሱሪው ረጠበ። «ጋሼ፣ በእናታችን» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ስቆም መንጋጋዬ ቋ ሲል ሰማሁት። የሚስቴ አባት፣ መሐላው፣ ባዶው ቤት፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጡልኝ። ጣቶቼን ዘረጋኋቸው። መዶሻው እግሬ ሥር ወደቀ። «ሂድና ውሃ ቅዳ» አልኩት። ሮጠ። ሰው ለውሃ እንደዚያ ሲሮጥ አላየሁም።

አንገቷ የተቦጨቀው ዶሮ አልሞተችም። እየተንፈራገጠች ትጮሃለች። ማረድ ነበረብኝ፤ ግን ማረድስ በእንስሳ ላይ እጅ ማንሳት አይደለም? አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ለዋሴ ደወልኩላቸው። «አባባ፣ የምትሞት ዶሮ ባርድ መሐላ ይፈርሳል?» አልኳቸው። «ልታሳርፋት ከሆነ አይፈርስም። ልትበላት ከሆነ ግን ልጄ፣ ጾም ነው» አሉኝ። ቢላውን ደጋግሜ ሳልኩት። አንገቷን በአንድ ጊዜ ቆረጥኩት። ባሕር ዛፉ ሥር ቀበርኳትና የቀሩትን እየያዝኩ አንድ በአንድ ንጹህ ውሃ በአፋቸው እያፈሰስኩ እስኪመሽ ስካራቸውን አስለቀቅኩ። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

ብርዱ ሲያልፍ ያረፍኩ መስሎኝ ነበር። መጋቢት ሲገባ ደግሞ ቧንቧው ጠፋ። በፈረቃ ይመጣ የነበረው ውሃ ፈረቃውም ቀረና ሰፈሩ በሙሉ ቢጫ ጄሪካኑን ይዞ ታች ካለው ቦኖ ይሰለፍ ጀመር። ማሰሮው በሙቀቱ ቶሎ አረንጓዴ ያወጣል፤ በቀን ሁለቴ ካልታጠበ ይሸታል። የታመመች ዶሮ ይዤ ዳግም ትንሣኤን መድረስ አልፈልግም። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ሁለት ጄሪካን ይዤ እሰለፋለሁ።

አንድ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ሁለቱንም ሞልቼ ስከድን አንድ ግንበኛ፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ከኋላ መጥቶ ጄሪካኑን ቧንቧው ሥር ሊያስገባ ገፋኝ። «ሴቶቹ ተራቸው ነው» አልኩት በደህና ቃል። «አንተ ማነህና?» አለና በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደም አፌን ሞላው። ሰፈሩ ያውቀኛል። በጉልምስናዬ ገበያ መሐል ሦስት ሰው አንጥፌ የሄድኩ ሰው ነኝ። ሴቶቹ «ኡኡ! ገደለው! ዛሬ ገደለው!» እያሉ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። እኔ ስገድል ሊያዩ ነው። ግንበኛው ራሱ ማንን እንደመታ በሹክሹክታ ሲነግሩት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ጉሮሮው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ባሳርፍበት አይነሳም፤ ቦታውን አውቀዋለሁ።

ደሙን ዋጥኩት። ሰውየው ዝም ስለው ደፈረና አንዱን ጄሪካኔን በእርግጫ ደፋው። የቀረችኝን አንዷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ፤ ሴቶቹ ከኋላዬ «ምን ነክቶት ነው? አሞታል እንዴ?» ሲሉ እሰማለሁ። ያቺን አንድ ጄሪካን ለዶሮዎቹ ቀዳሁላቸው። ለእኔ ፊት መታጠቢያ አልተረፈም። ደም የደረቀበት ከንፈሬን ይዤ ጎማው አጠገብ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቅስሜ ተሰብሮ ነው። ግን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው፤ ይህን ካለፍኩ ትመጣለች ብዬ።

መጣች። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ከአባቷ ጋር ከሚኒባስ ወርዳ በባጃጅ እስከ በራችን መጣች። ዋሴም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተገኙ። ቤቱን ጠርጌ፣ በሩን ቀለም ቀብቼ ነው የጠበቅኳቸው። ወንድሜም አጎንብሶ ጉልበት ሳመ። ዋሴ ቆመው፣ «በሰውም በእንስሳም ላይ እጁን አላነሳም። ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው» አሉ። አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ዶሮዎቼን ልያቸው» አለች። ጓሮ አብሬያት ወጣሁ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ፀጉር ሳያበቅል ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ዶሮዎቹ እኔን ሲያዩ ግር ብለው መጡ፤ አንዷ ጫማዬ ላይ ወጣች፣ አውራው ሱሪዬን ይጎትታል። ውሃ የምቀዳበት ሰዓት ነበር። ቀዳሁላቸው። እሷ ማሰሮው ላይ አጎንብሳ ጣቷን ከተተች፣ አሸተተችው። «ንጹህ ነው» አለች። ከዚያ ቆጠረቻቸውና ሁለት እንደጎደሉ አየች።

እንግዲህ ይህን ስጠብቅ ነው ስድስት ወር የቆየሁት። ሁሉንም ነገርኳት። በረዶውን ሳልሰብር የሄድኩበትን ቀን አልደበቅኩም። ፋንድያውን፣ አረቄውን፣ ወንድሜ ምን እንዳለኝ፣ መዶሻውን፣ ቦኖ ላይ የቀመስኩትን ጥፊ ነገርኳት። እየተናገርኩ ደረቴ ይነፋል።

«ሲመታህም አልመታኸውም?» አለች።

«ሲመታኝም።»

«መዶሻው እጅህ ላይ እያለ?»

«እጄ ላይ እያለ። ወንድሜን ጠይቂው።»

«ደምህ ፈልቶ ነበር?»

«ኧረ ፈልቶ ብቻ! ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር እንጂ!»

«ራስህንስ ታውቅ ነበር?»

«እንዴታ!» አልኳት። «ባላውቅማ ገድዬው አልነበር?»

ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷም ሰማችው። እጇ ወደ ቅንድቧ ሄደና ጠባሳውን ዳበሰችው። ስትናገር አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእናቴ ስምልላት የኖርኩት አይችልም ብዬ ነው» አለች። «ከአቅሙ በላይ ነው፣ ይዞት ነው ብዬ። ጥርሴ የወለቀ ጊዜም እንደዚያው ብያለሁ። ትችል ኖሯል።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የቻልኩት!» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ለወንድምህ ቻልክ። ለማታውቀው ሰው ቻልክ። ለዶሮም ቻልክ። እኔን ነው ያልቻልከው።»

ቤት ገብታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «ዋሱ ነፃ ናቸው፤ መሐላውን ጠብቋል። እኔ ግን አልመለስም» አለች። ዋሴ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ አልመታም እኮ! አንድ ሰው አልመታም!» አሏት። «ለዚያ እኮ ነው አባባ» አለች። አባቷ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ወደ ኋላ ሸሸች፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላወቀችም። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

ባጃጁ እየጠበቀ ነው። በሩ ላይ አባቷ «ዶሮዎችሽንስ? በቅርጫት እናድርጋቸው?» አሏት። ወደ ጓሮ ዞር ብላ አየች። ዶሮዎቹ አሁንም እየጠጡ ነበር።

«እዚሁ ይቆዩ» አለች። «እሱ ጋ ደህና ናቸው።»

ለሽሙጥ አልነበረም። ከልቧ ነው ያለችው።